ሐዋሳ ላይ ቤት ስትገዙ፦ ከሳሎኑ በፊት መሬቱን፣ ከዋጋው በፊት ካርታውን

ሐዋሳ ቶሎ ትወደዳለች። መንገዷ ሰፊና ሜዳ ነው፣ ዛፏ ብዙ ነው፣ ማታ ማታ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ደስ ይላል። ችግሩ የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነድቶ ቅዳሜ የሚገባ ሰው አሞራ ገደል አሳውን ይበላል፣ ከሰዓት በኋላ ደላላ ሦስት አራት ግቢ ያስጎበኘዋል፣ እሑድ ጠዋት ቀብድ ከፍሎ ይመለሳል። ቤት እንዲህ አይገዛም። አብዛኛው ቤተሰብ ይህን ያህል ገንዘብ በዕድሜው አንዴ ነው የሚያወጣው። የእናት ወርቅ የተሸጠበት፣ ዓረብ አገር ያለች እህት ላብ የገባበት ገንዘብ ነው።

እዚህ ቤት ገዝተው ሲያማርሩ የሰማኋቸው ሰዎች ምክንያታቸው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ውሃ ወይ ወረቀት። ሁለቱም በጉብኝት ቀን ዓይን ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ስለ ሴራሚክና ስለ ኮርኒስ ብዙ አላወራም። እሱን በኋላም ማስተካከል ይቻላል።

1. ገንዘባችሁንና ፍላጎታችሁን ቤት ሳታዩ ወስኑ

ልትኖሩበት ነው ወይስ ልታከራዩት? መልሱ ሰፈሩን ይቀይረዋል። ለኪራይ ከሆነ በጥቁር ውሃ በኩል፣ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ አካባቢ፣ ሠራተኛው ክፍል ይፈልጋል። ለቤተሰብ መኖሪያ ከሆነ ግን ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ ባጃጅ ይገኛል ወይ የሚለው ይቀድማል።

ገንዘቡን ስትቆጥሩ የቤቱን ዋጋ ብቻ አትያዙ። የስም ማዛወሪያ፣ የደላላ ኮሚሽን፣ የጠበቃ፣ የማህንዲስና የእድሳት ወጪ አለ። በቴምብር ቀረጥ አዋጅ 110/1990 መሠረት የባለቤትነት ማዛወሪያ ላይ 2 በመቶ ይከፈላል፣ ስሌቱንም ማዘጋጃ ቤቱ በራሱ ግምት ሊሠራው ይችላል። የወቅቱን ተመን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በባንክ ብድር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ባንኩ የሚያበድረው በራሱ መሐንዲስ ግምት ላይ ተመሥርቶ እንጂ ሻጩ በጠራው ዋጋ ላይ አይደለም። ግምቱ ካነሰ ልዩነቱ ከኪሳችሁ ይወጣል።

2. ሰፈሩን በእግር እወቁት፣ ቢቻል በክረምት

ሐዋሳ ያለችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ የለውም። ከተራራውም ከጎርፉም የገባው ውሃ በትነት ካልሆነ ወይም ወደ ታች ካልሰረገ አይወጣም። ስለዚህ ከፍ ዝቅ ይላል። በከተማው በኩል ዳር ዳሩን የተሠራው ግድብ የቆመው በከንቱ አይደለም፣ ሐይቁ ሞልቶ ሲመጣ ከተማዋን ያስጨንቅ ስለነበር ነው። ወደ ሐይቁ በቀረባችሁ ቁጥር ከመሬት በታች ያለው ውሃም ወደ ላይ ይቀርባል። በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ደግሞ የጨለለቃ ረግረግ ነበር፤ ረግረጉ ደርቆ ሜዳ ቢሆንም መሬቱ ዝቅተኛነቱ አልጠፋም፣ ዝናብ ሲበዛ ውሃው ወደ ለመደበት ይሄዳል። ጥቁር ውሃ ወንዝም ወደ ሐይቁ የሚገባው በዚያው በኩል ነው። ከታቦርና ከአላሙራ ተራራ ሥር ያሉ ሰፈሮች ሌላ ጉዳይ አለባቸው፤ ጎርፉ ከላይ ነው የሚመጣው፣ የውሃ መውረጃ ቦዩ በቆሻሻ ተደፍኖ ከሆነ በግቢያችሁ በኩል ያልፋል።

ይሄን ሁሉ በጥር ማየት አይቻልም። በጥር ሁሉም ግቢ ደረቅ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ በጣለ ማግስት ጫማችሁን አውልቃችሁ የምትሻገሩት መንገድ መኖሩን ታያላችሁ። በክረምት መምጣት ካልቻላችሁ የአጥር ግንቦችን እዩ። ጎርፍ ያለፈበት ግንብ ላይ የጭቃ መስመር ይቀራል፣ አንዳንዱ ቤት በሩ ላይ ከፍ ያለ የሲሚንቶ እርከን ሠርቷል። ሰው ያለ ምክንያት በሩ ላይ ግድብ አይሠራም።

አንድ ሰፈር ካማራችሁ በተለያየ ሰዓት ተመለሱበት። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ቀትር ላይ፣ ማታ። የጸሎት ቦታ፣ ጭፈራ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ብረታ ብረት ሥራ ምን ያህል እንደሚሰማ በራሳችሁ ጆሮ ስሙ። ገብርኤል አካባቢ ቤት የሚያይ ሰው ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ሕዝብ ማወቅ አለበት፤ ለአንዱ በረከት ነው፣ ለሌላው መኪና ማስገባት የማይቻልበት ሳምንት ነው። ሐይቅ ዳር በጉዱማሌ በኩልም የፊቼ ጫምባላላ ሰሞን እንደዚያው ይደምቃል።

3. ደላላውን ተጠቀሙበት፣ ውሳኔውን ግን አትስጡት

ደላላ ጠላት አይደለም። ከተማውን የሚያውቅ ጥሩ ደላላ ብዙ ድካም ያስቀራል። ግን የሚከፈለው ስትገዙ ነው፣ ስታስቡ አይደለም። "ወንድሜ፣ ዛሬ ካልያዝከው ማታ ይሄዳል፣ ሌላ ሰው እየመጣ ነው" ሲላችሁ ቤቱ ይሂድ። እውነት ሄዶ ቢሆን እንኳ ሌላ ይመጣል።

ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና ከየትኛው ወገን እንደሚቀበል መጀመሪያ ላይ በግልጽ ተነጋገሩ። ከባለቤቱ ጋር ሳትገናኙ ዋጋ አትነጋገሩ፤ መሃል ላይ ያለው ሰው ሻጩ ካለው ላይ የራሱን የሚጨምርበት ጊዜ አለና። አንድ ደላላ ላይ ብቻም አትንጠልጠሉ። ሱቅ ጠይቁ፣ የባጃጅ ሹፌር ጠይቁ፣ የምታውቁትን የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጠይቁ። ብዙ ጥሩ ቤት ደላላ ጋ ሳይደርስ በዘመድ በኩል ይሸጣል።

የምታዩትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፉ፦ ሰፈር፣ ካሬ፣ ሊዝ ነው ነባር (መሬቱ ከመንግሥት በሊዝ የተያዘ ነው ወይስ ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተገኘ)፣ ስንት ክፍል፣ የተጠራው ዋጋ፣ የወደዳችሁትና ያልወደዳችሁት። ከአሥረኛው ቤት በኋላ ሁሉም ይደባለቃል። ደብተሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ዋጋውን በካሬ ስታካፍሉት የትኛው ሰፈር ላይ የትኛው ሻጭ እንዳጋነነ ራሱ ያወራል።

4. ግቢ ውስጥ ስትገቡ ከሰርቪስ ቤቱ ጀምሩ

ሻጩ ሳሎን ሊያስገባችሁ ይፈልጋል። እናንተ ወደ ጓሮ ሂዱ። ሳሎኑ ለእንግዳ ተዘጋጅቷል፣ ሰርቪስ ቤቱን ማንም አላሰበበትም።

ወደ ሐይቁ በኩል አንድ ግቢ ሳይ ሰርቪስ ቤቱ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ግን ቀለሙ ደማቅ የሆነው ከወለል እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ ነው። ጥፍሬን ሳሳርፍበት ልስኑ እንደ ዱቄት ረገፈ። ከሥሩ ነጭ ጨው ወጥቶበታል። ያ ጨው ከመሬት የወጣ እርጥበት ብሎኬቱን ጠጥቶ ወደ ላይ ይዞት የመጣው ነው፣ ቀለም ቢቀቡት በዓመቱ ይመለሳል። ከሥር እርጥበት የሚከለክል ነገር ሳይገባበት የተሠራ ግድግዳ ላይ ማስተካከያው ውድ ነው። እናንተም ቁምሳጥን ከግድግዳ ጠጋ ብሎ የቆመበትን ቦታ ፈቃድ ጠይቃችሁ ከኋላው እዩ። ሽታውም ይናገራል።

ቀጥሎ የፍሳሽ ጉድጓዱን ክዳን አስከፍቱ። ሻጩ ቅር ሊለው ይችላል፣ ግድ የለም። ረጅም እንጨት ክተቱበት። ሰው ለወራት ያልኖረበት ቤት ሆኖ ጉድጓዱ ሙሉ ከሆነ የከርሰ ምድር ውሃ ገብቶበት ሊሆን ስለሚችል ጠርጥሩ። ውሃ የሚገባበት ግቢ በክረምት መጸዳጃው ወደ ኋላ ይመልሳል፣ ፍሳሽ መጣጭ መኪናም ደጋግሞ ይጠራል። በየስንት ጊዜው እንደሚያስመጥጡ ሻጩን ጠይቁት፣ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ለጎረቤት ጠይቁ።

ውሃ ላይ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው የመስመሩ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ሮቶው ስንት ሊትር ነው፣ ውሃው በራሱ ወደ ላይ ይወጣል ወይስ በፓምፕ ነው። ሁለተኛው የግቢ ጉድጓድ ላለው ቤት ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፣ የከርሰ ምድር ውሃችን ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን የሕፃናትን ጥርስ ያበላሻል፣ ለብዙ ዓመት ከተጠጣ አጥንትም ይጎዳል። "የራሱ ጉድጓድ አለው" ሲባል ብዙ ሰው እንደ ትልቅ ጥቅም ያየዋል፣ ለልብስና ለአትክልት ነውም። ልጆች የሚጠጡት ከሆነ ግን ሳይመረመር አይሆንም። ናሙና ወስዳችሁ አስመርምሩ።

ስንጥቅ። ልስን ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ አያስጨንቅም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ፣ ጣት የሚያስገባ፣ ከውጭም ከውስጥም የሚታይ ስንጥቅ ግን መሠረቱ እንደተንቀሳቀሰ ይጠቁማል። ሐዋሳ የመሬት መንቀጥቀጥ ያለበት ቀጠና ውስጥ ናት፤ በጥር 2008 በነበረው መንቀጥቀጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በድንጋጤ ከፎቅ ሲዘሉ ተጎድተዋል። ጂ+1 ወይም ከዚያ በላይ የምትገዙ ከሆነ ኮለኑና ቢሙ በማን እንደተሠራ፣ የስትራክቸር ፕላን እንዳለው ጠይቁ፣ ከሻጩ ጋር የማይተዋወቅ ማህንዲስም ይዛችሁ ግቡ። የምትከፍሉት አበል ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ነው። ቀድሞ ለአንድ ፎቅ ተሠርቶ በኋላ ሁለተኛ የተጨመረበት ቤት ካጋጠማችሁ በተለይ።

የጭቃ ቤት ያለበት ግቢ ብትገዙ እንጨቱን በቢላ ጫፍ ነካ አድርጉት፤ ምስጥ የበላው ይገባል። ጣሪያው ላይ ዝገቱን፣ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፉን እዩ። መብራት ቆጣሪው የራሱ ነው ወይስ ከጎረቤት የተቀጠለ? ይሄ ይበቃል።

5. ሻጩ ሳይኖር ጎረቤት አነጋግሩ

ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የሚጠቅመው እርምጃ ይሄ ነው። ሰው ግን ያፍራል። አትፈሩ፣ ነገ ጎረቤት ልትሆኑ ነው። አንዲት እናት በር ላይ ተቀምጠው ካያችሁ "እማማ እንደምን ዋሉ፣ እዚህ ቤት ልንገዛ አስበን ነበር፣ ሰፈሩ እንዴት ነው?" ማለት በቂ ነው። ቡና ሊጠሯችሁም ይችላሉ። የአጥር ወሰን ላይ ጭቅጭቅ እንዳለ፣ ሟቹ አባት ከሌላ እናት ልጆች እንደነበሯቸው፣ ባለፈው ክረምት ውሃው እስከ የት እንደደረሰ፣ ቤቱ ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ሊሸጥ ተስማምተው እንደፈረሰ የምትሰሙት ከእነሱ ነው። የእድር ዳኛውንም ጠይቁ። የሰፈሩን ጠብና እርቅ የሚያውቅ ሰው ነው።

ተከራይ ካለ እሱንም አነጋግሩ። ውሉ መቼ እንደሚያልቅ፣ ቅድሚያ የከፈለው ኪራይ እንዳለ ከራሱ አፍ ስሙ፣ ውሉንም እዩ። ሻጩ "ወር ውስጥ ይወጣል" ስላለ አይወጣም።

6. ወረቀቱ፦ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ይጨበጥ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም። የምትገዙት በላዩ ያለውን ቤትና ከቤቱ ጋር የሚተላለፈውን የይዞታ መብት ነው። ስለዚህ "ባዶ ቦታ በርካሽ" የሚል ጥሪ ስትሰሙ ጆሯችሁን ጠቅ ያድርገው። ግንባታው ግማሽ ያልደረሰ የሊዝ ቦታን ማስተላለፍ በሊዝ ሕጉ ጥብቅ ገደብ አለበት። ከተማው ዳር፣ በቱላ መንገድም ሆነ በሌላ በኩል፣ ከአርሶ አደር ላይ በመንደር ውል የተገዛ መሬት ላይ የበቀለ ቤት ደግሞ ካርታ (የይዞታ ማረጋገጫ) የለውም። ሦስት ምስክር ፈርሞበታል፣ ሽማግሌ ነበረበት፣ ግብር ይከፈልበታል ቢሏችሁ ካርታ አይሆንም። የግብር ደረሰኝ ግብር መከፈሉን ነው የሚያሳየው። ዋጋው የሚያስጎመጅ ይሆናል፣ አውቃለሁ፣ ለብዙ ቤተሰብም ከዚያ ውጪ አቅም የሚፈቅደው የለም። ግን ሲፈርስ ካሣ የሚከፍላችሁ የለም።

ካርታ ያለው ከሆነ ኦሪጅናሉን ጠይቁ። ከሻጩ ጋር አብራችሁ ማዘጋጃ ቤት ሂዱና ካለው ፋይል ጋር አስተያዩት፤ እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት ሳይሆን እዚያ ያለው ፋይል ነው ዋናው። ማህተሙ ላይ የደቡብ ክልል ስም ቢኖር አትደንግጡ፣ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል የሆነው በ2012 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሰጠ ካርታ እንደዚያው ነው። እዚያው ቢሮ እነዚህን አጣሩ፦

- እዳና እገዳ። ቤቱ በባንክ ተይዞ፣ በፍርድ ቤት ታግዶ ወይም በግብር እዳ ተይዞ እንደሆነ በጽሑፍ አስወጡ። ውል በምትፈራረሙበት ሰሞን እንደገና አጣሩ፤ የሁለት ወር ወረቀት የዛሬውን አይናገርም።
- ሊዝ ነው ነባር? ሊዝ ከሆነ ቀሪ ክፍያ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው። ነባር ከሆነ በሊዝ አዋጅ 721/2004 ነባር ይዞታ ከውርስ ውጪ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል። ይሄ በእናንተ ላይ ምን ወጪ እንደሚያመጣ ባለሙያውን ጠይቁ።
- ፕላኑ። ቦታው በመንገድ ማስፋፊያ፣ በኮሪደር ልማት ወይም በሐይቁ ዳርቻ የተከለለ ቦታ ውስጥ ይገባል ወይ? በተለይ የሐይቅ እይታ ያለው ቤት ከሆነ ይሄን ሳታጣሩ አንድ ብር አትክፈሉ።

ከዚያ ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ለኩ። ካርታው 250 ካሬ ይልና አጥሩ 290 ሊሆን ይችላል። ትርፉ የናንተ አይደለም፣ ዋጋ ግን ተከፍሎበታል። ቤቱም ከፕላኑ ጋር ይመሳሰል፤ ያለ ፈቃድ የተጨመረች ሦስት ክፍል ሰርቪስ ነገ ልትፈርስ ትችላለች።

ሻጩ ማን ነው? ያገባ ከሆነና ቤቱ የጋራ ንብረት ከሆነ ባልም ሚስትም መፈረም አለባቸው። "እሷ ተስማምታለች፣ ውጭ ናት" የሚባል ነገር የለም፣ ውክልናዋ ይምጣ። ያላገባ ከሆነ የጋብቻ ሁኔታ ማስረጃ ያምጣ። ውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ላይ ያሉት በሙሉ ይፈርሙ፤ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለበት ያለ ጠበቃ አትግቡበት። ወኪል ከመጣ ውክልናው ቤት መሸጥ እንደሚፈቅድ በግልጽ የተጻፈበት መሆኑን፣ እንዳልተሻረ፣ ወካዩም በሕይወት እንዳሉ አረጋግጡ። ወካይ ሲሞት ውክልናው አብሮ ያበቃል። በቪዲዮ ደውሉላቸው፣ ነውር የለውም።

7. ዋጋ ንግግር

ከዚህ በኋላ ነው ዋጋ የሚነሳው። አሁን እጃችሁ ላይ ደብተር አለ፣ የማህንዲሱ ወረቀት አለ፣ ቀሪ የሊዝ ክፍያ ታውቃላችሁ። ቤቱን ሳታጣጥሉ፣ ሻጩን ሳታስከፉ ተነጋገሩ። "ጋሼ፣ ቤትዎን ወደነዋል፣ ግን ጣሪያው ይቀየራል፣ የፍሳሽ ጉድጓዱም እንደገና ይሠራል፣ እነዚህን አስልተን ይሄን ያህል ነው የምንችለው" ማለት ያስከብራል። ዝም ማለትንም ልመዱ። የተጠራው ዋጋ የሚቀንሰው ብዙ ጊዜ ተሰናብታችሁ ከወጣችሁ በኋላ በስልክ ነው።

ከግብሩና ከሌላው ክፍያ ማን ምን እንደሚከፍል አብራችሁ ተስማሙ። ከሽያጩ ትርፍ ላይ የሚጠየቀው ግብር የሻጩ ነው፣ ነገር ግን ሳይከፈል ስም አይዛወርም፣ ስለዚህ ዝውውሩ በቆመበት ጊዜ የምትንገላቱት እናንተ ናችሁ።

ውሉ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ ያነሰ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ይመጣል። እምቢ በሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስና ገንዘብ ይመለስ ቢባል የምትጠይቁት የተጻፈውን ነው።

8. ቀብድ፣ ውል፣ ርክክብ

ቀብድ ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይጣራ ቀብድ አይሰጥም፣ ከሰጣችሁም ትንሽ ይሁን፣ በባንክ ይሁን፣ "እዳና እገዳ ከተገኘበት ቀብዱ ይመለሳል" የሚል ዓረፍተ ነገር ይኑረው።

የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ስልጣን ባለው አካል ፊት መመዝገብ እንዳለበት አንቀጽ 1723 ይናገራል። ውልና ማስረጃ ሂዱ። ደላላው ቢሮ የተፈረመ ወረቀት ላይ ሙሉ ገንዘብ አትክፈሉ። ክፍያውን ከፋፍሉት፤ አንዱ ክፍል ውል ሲፈረም፣ የሚበዛው ስም ሲዛወር፣ ጥቂቱ ደግሞ ቤቱ ባዶ ሆኖ ቁልፍ ስትረከቡ። ሁሉም በባንክ ወይም በሲፒኦ፣ ደረሰኙ ይቀመጥ። ተከራዩ የሚወጣበት ቀን፣ አብሮ የሚቀረው ሮቶ፣ ፓምፕና የመስኮት ብረት ሳይቀር ውሉ ላይ ይግባ። ቃል ይረሳል።

አዲሱ ካርታ በስማችሁ ሲወጣ ስማችሁን፣ የአያት ስም ፊደሉን፣ የካሬውን ቁጥር እዚያው ቢሮ ሳትወጡ አንብቡ። አንድ ፊደል ስትሳሳት በኋላ ማስተካከሉ ብዙ ያመላልሳል። በርክክቡ ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ፎቶ አንሱ፣ ያልተከፈለ ቢል ሻጩ እዚያው ይዝጋ፣ ቆጣሪዎቹንም በስማችሁ አዛውሩ። የበሩን ቁልፍ በዚያው ቀን ቀይሩ። እድር ለመመዝገብም ሳምንት አትጠብቁ።